ያስተማርኳችሁን ላርም፦ ስለ ማዛጋትና ስለ ትንፋሽ ማሽን

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ላይ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ንግግር ሲደረግ ደጋግሜ አዛጋሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ጭረት እያደረገ ሲቆጥር ኖሯል። ለሻይ ስንወጣ «አሥራ ሰባት!» አለኝ። «ቆይ፣ ያ ማሽን ታዲያ ምን ይሠራልሃል?» ሳቅን። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ዘንድሮ አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገርልን» ሲሉኝ ሌላ ርዕስ ፍለጋ አልሄድኩም።

ማሽን ያለው ሲፓፕን ነው። ይህን ስም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። የእኔው ለአዋቂ የተሠራ፣ ራስጌ የሚቀመጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚያንስ ሣጥን ነው። የክፍሉን አየር በቱቦና በጭምብል አድርጎ በመጠነኛ ግፊት ወደ አፍንጫ ይነፋል። ግፊቱ በእንቅልፍ የላላውን ጉሮሮ ከውስጥ ደግፎ ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ በ1981 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያቀርቡ የሞከሩት በአምስት ሕሙማን ላይ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ይተኙበታል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ፦ ይህ ማሽን ኦክስጅን አይጨምርም። የሚነፋው ይኸው ሁላችንም የምንተነፍሰውን አየር ነው።

በሽታው በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ «ስሊፕ አፕኒያ» የሚባለው። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፣ አንጎል ይደነግጥና ለአፍታ ያነቃል፣ ሰውየው ሳያውቀው ተመልሶ ይተኛል። ይህ በሰዓት ከ5 ጊዜ በታች ከሆነ ለአዋቂ እንደ ጤና ይቆጠራል፤ ከ15 ሲያልፍ መካከለኛ፣ ከ30 ሲያልፍ ከባድ ይባላል። የእኔ 38 ነበር። ባለቤቴ ግን ያለ ምንም መሣሪያ ቀድማ አውቃዋለች። «ስታንኮራፋ አልፈራም፣ ዝም ስትል ነው የምፈራው» ትለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩት! ሕመምተኛ ቢነግረኝ እጽፈው ነበር፤ ሚስቴ ስትነግረኝ ቀልድ አደረግሁት።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልግባ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ፊዚዮሎጂ ያስተማርኳችሁ አላችሁ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ሰው ለምንድን ነው የሚያዛጋው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም በልበ ሙሉነት «በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ሰውነት ትልቅ ትንፋሽ ይስባል» እል ነበር። እናንተም ጻፋችሁ። በፈተናም ጠይቄ «ትክክል» ብያለሁ። ተሳስቼ ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ግን ስለ ፈተናው ብቻ አይደለም፤ ይኸው ስሕተት በኋላ እኔኑ ሊገድለኝ፣ ይባስ ብሎም የሰው ልጅ ሊያስገድለኝ ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ማሽኑን ልጄ ከውጭ ስትመጣ አመጣችልኝ፤ ሐኪም ግፊቱን በ9 ሴንቲ ሜትር ውኃ አስተካከለው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ጠዋት የሚያመኝ ራስ ምታት ጠፋ። ማዛጋቱ ግን አልለቀቀኝም። ከቁርስ በኋላ አዛጋለሁ፣ ስብሰባ ላይ አዛጋለሁ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ አዛጋለሁ። ያስተማርኩት ትምህርት በጭንቅላቴ አለና «አየር አንሶኛል፣ ግፊቱ አልበቃኝም» ብዬ ደመደምኩ። ማንንም ሳልጠይቅ የማሽኑን ቁልፍ ነካክቼ ወደ 12 ከፍ አደረግሁት።

ግፊቱ ሲጨምር ጭምብሉ በዳር በዳሩ ማፈትለክ ጀመረ፤ ጢሜ ደግሞ ረዳው። አየሩ ዓይኔን ያደርቀዋል። ከፊሉን እውጠውና ሆዴ ይነፋል። እናም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴ ነቅቼ አንዳንዴም ሳላውቀው፣ ጭምብሉን አውልቄ እጥለዋለሁ። መብራት የሄደ ሌሊት ደግሞ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጠዋት ስጠየቅ ግን «ሌሊቱን ሙሉ አደርግበታለሁ» እላለሁ። ስዋሽ አይደለም፤ እውነት መስሎኝ ነው።

አፍንጫዬም በበጋው ደረቅ ብርድ ይታፈናል። ለእሱ ማታ ማታ ክሎርፌኒራሚን እወስዳለሁ። ክሎርፌኒራሚን እንደሚያስተኛ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ። ለራሴ ግን አልነገርኩም።

ከዚያ የወገራው ቀን መጣ። ከደባርቅ ወደ ጎንደር እየተመለስን ነው። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ከኋላ ሁለት ወጣት ባልደረቦች ተቀምጠዋል። «ማሽን አለኝ፣ ታክሜያለሁ» የሚል እምነት ስለነበረኝ ሹፌር አልፈለግሁም። ዳባትን አልፈን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንቀርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስታወቱ እየገባች፣ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ አዛጋሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው «ጋሼ!» የሚል ጩኸት ነው። የቀኝ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ በጠጠሩ ላይ ይንገጫገጭ ነበር። ከፊታችን አህያዋን የምትነዳ ልጅ ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቷም አህያዋም ተረፉ፤ እኛም ተረፍን። ወርጄ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ከዚያ አንዱ ልጅ ነዳልን፤ እስከ ጎንደር ድረስ ቃል የተናገረ የለም።

በሳምንቱ የማሽኑን ካርድ ይዤ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ማሽኑ እያንዳንዱን ሌሊት ይመዘግባል፦ ስንት ሰዓት ተተኛበት፣ ስንት ጊዜ ትንፋሽ ተቋረጠ፣ ምን ያህል አየር አፈተለከ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። የትንፋሽ መቋረጡ በሰዓት 3 ብቻ። «አየህ፣ ድኛለሁ!» ልል ስል ጣቱን ወደ ሌላው መስመር አወረደው፦ በአማካይ በሌሊት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

ማሽኑ የሚቆጥረው ፊቴ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነዋ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ያለውን ማንም አይቆጥረውም። የከፋው ደግሞ ያ የተረሳ ጊዜ መሆኑ ነው። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጨረሻ ነው፤ በዚያ እንቅልፍ ጡንቻ ከምንጊዜውም በላይ ይላላል፣ ጉሮሮም በብዙ ሕሙማን ላይ ይበልጥ ይዘጋል። ስለዚህ ቀላሉን ግማሽ ሌሊት በማሽን፣ ከባዱን ግማሽ ያለ ማሽን ነበር የማድረው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፦ በሌሊት ማሽኑ ላይ የሚታደርበት ሰዓት በጨመረ ቁጥር የቀን እንቅልፋቸው የሚስተካከልላቸው ሰዎች ቁጥር ይጨምራል። አራት ሰዓት ለአንዳንዱ ይበቃል፤ ለብዙው ግን ስድስትና ሰባት ይፈለጋል።

አሁን ትምህርቱን ላርም። እባካችሁ ደብተራችሁን አውጡ።

በ1987 እ.ኤ.አ. ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቀላል ሙከራ አደረገ። ተማሪዎች ንጹሕ ኦክስጅን እንዲተነፍሱ አደረገ፤ ማዛጋታቸው አልቀነሰም። ከዚያም ከ3 እስከ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሰጣቸው፤ ትንፋሻቸው ፈጠነ፣ ማዛጋታቸው ግን አልጨመረም። ስፖርት አሠራቸው፤ አሁንም ያው። በማኅፀን ያለ ጽንስም፣ አየር በማይተነፍስበት በዚያ ቦታ፣ ከሦስት ወር ዕድሜው ገደማ ጀምሮ ያዛጋል። ስለዚህ ማዛጋት የአየር ማነስ ምልክት አይደለም። ይበልጥ የሚቀራረበው ከእንቅልፍና ከንቃት መለዋወጥ ጋር ነው፤ ልንተኛ ስንል፣ ስንነቃ፣ ሲሰለቸን፣ የቡና ሐራራ ሲይዘን እናዛጋለን። የአገራችን ሰው «ቡና አልጠጣሁም መሰለኝ፣ ያዛጋኛል» የሚለው ከእኔ ትምህርት የተሻለ ነበር።

ጥቅሙ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ በማሽን የሚተኛ ሰው ሲያዛጋ ግፊት መጨመር መልሱ አይደለም፤ «ማሽኑ አይሠራም» ብሎ አልጋ ሥር መወርወርም መልሱ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን አደረግሁ። ሁለተኛውን ያደረጉ ሰዎችንም አውቃለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ደገኞች ነን፣ አየራችን ስስ ነው፤ ቢያዛጋን ምን ይደንቃል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ስሜን እንውጣ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አምባራስ በተባለው የስሜን ተራሮች መንደር፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምረው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በዚያ ከፍታ የሰዎቹ የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ጠለል ሰው ብዙም የማይለይ ነው። የቲቤትና የአንዲስ ሰዎች በሌላ መንገድ ነው ከፍታን የለመዱት፤ የእኛዎቹ የራሳቸው መንገድ ያላቸው መሆኑ ዓለምን አስደነቀ። ታዲያ በአምባራስ የሚያርሰው ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሳያዛጋ ከዋለ፣ ጎንደር ላይ በ2,100 ሜትር የምገኘው እኔ ከፍታውን ማመካኘት አልችልም።

ከፍታ ግን ለማሽን ተጠቃሚ በሁለት በኩል ቁም ነገር አለው። አንደኛው ማሽኑ ራሱ ነው። የእኔው መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ድረስ ይሠራል ይላል። ጎንደር ከዚያ በታች ናት፤ ደባርቅ ግን በላይ ናት። ደባርቅ አድሮ «ትናንት ማሽኑ አልረዳኝም» የሚል ሰው ቅዠት አይደለም የሚያወራው። መመሪያችሁን አንብቡ፤ የየማሽኑ ልክ ይለያያል። ሁለተኛው፣ በስዊዘርላንድ ዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ የዚህ በሽታ ሕሙማን ወደ 2,590 ሜትር ወጥተው ሲያድሩ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ «ተንፍስ» ማለቱን የሚያቋርጥበት ዓይነት መቋረጥ እንደሚጨምርባቸው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ግፊት ብቻውን ይህን ዓይነቱን ሁልጊዜ አይፈታውም። ከመተማ ወይም ከውጭ አገር ለክረምት ዕረፍት መጥቶ ደጋ ላይ የሚያድር ወገን ማዛጋቱና ድካሙ ቢብስበት፣ ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

አሁን በተራ ምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ማሽን ይዞ የሚያዛጋ ሰው ሲመጣላችሁ፣ ወይም እናንተው ስትሆኑ፣ እንዲህ ሂዱ።

መጀመሪያ ማዛጋትን ከእንቅልፍ ለዩ። አውስትራሊያዊው መሪ ጆንስ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኤፕዎርዝ መለኪያ ስምንት ጥያቄ ነው፤ አንዱም «ታዛጋለህ ወይ?» አይልም። ተቀምጠህ ስታነብ፣ መኪና ላይ ተሳፋሪ ሆነህ አንድ ሰዓት ስትጓዝ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለህ ስትቀመጥ፣ ከሰው ጋር ስታወራ የመተኛት ዕድልህ ስንት ነው ይላል። ድምሩ እስከ 24 ነው፤ ከ10 በላይ ከሆነ ያሳስባል። የእኔ ከወገራው ቀን በኋላ 15 ነበር። የሚያዛጋ ግን የማያንቀላፋ ሰው ሌላ ነው፤ የሚያዛጋም የሚያንቀላፋም ሰው መሪ አይያዝ።

ሁለተኛ ሰዓቱን ከሰውየው አፍ ሳይሆን ከማሽኑ ካርድ ቁጠሩ። ሦስተኛ ጭምብሉን እዩ፦ ልኩ ነው? ያፈተልካል? አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው? ጢም አለው? አራተኛ መድኃኒቱን ጠይቁ። ክሎርፌኒራሚንና አሚትሪፕቲሊን ያስተኛሉ። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ እንቅልፍ ሳይኖር እንኳ ማዛጋትን ያበዛሉ። ትራማዶል ደግሞ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያዳክማል። አምስተኛ ሌላ በሽታ ፈልጉ፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ ስኳር፣ ድብርት። እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት ደጋችን ታይሮይድን መርሳት የለብንም። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም እንቅልፉ የማይለቃቸው ጥቂት ሕሙማን አሉ፤ ለእነሱም ሕክምና አለ፣ «ሰነፍ» አትበሏቸው። ድንገት የመጣ ብዙ ማዛጋት ከእጅ እግር መድከም፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ራስ ከመሳት ጋር ከሆነ ግን መለኪያ መሙላት የለም፤ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

እኔ ምን አደረግሁ? ግፊቱ ወደ 9 ተመለሰ። ጢሜን ተላጨሁ፤ ባለቤቴ «ሃያ ዓመት ለምኜህ እንቢ ያልከውን ማሽን አስላጨህ» ብላ ስቃለች። ክሎርፌኒራሚኑን ትቼ አፍንጫዬን በጨው ውኃ እጠባለሁ፤ የማሽኑን ማሞቂያ ውኃም ከፈትኩ። ለመብራት መጥፋት አንድ የመኪና ባትሪ ከተስማሚ መለወጫ ጋር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጠምኩ። ታይሮይዴና ደሜ ደኅና ነበሩ። ለማኅሌት የምነሣበት ሌሊት ደግሞ ቀድሜ እተኛለሁ፤ በማግሥቱም አልነዳም። በሦስት ወር ውስጥ አማካዩ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ የኤፕዎርዙ ድምር 7 ሆነ። መኪና የያዝኩት ከዚያ በኋላ ሐኪሜ ሲፈቅድልኝ ነው።

አሁንም አዛጋለሁ? እንዴታ! ጓደኛዬ ዛሬም ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። ግን ማዛጋቴን አሁን አልፈራውም፣ አልንቀውምም። ሰዓቴን አያለሁ፣ ካርዴን አነብባለሁ፣ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ለማዛጋት እንግዳ ያልሆነ ሌላ ወገንም በስሜን አለን። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር የማይገኘው ጭላዳ እርስ በርሱ ማዛጋት ይጋባል። ኤሊዛቤታ ፓላጂ የተባሉ ጣሊያናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአንድ የጀርመን መካነ አራዊት ያሉ ጭላዳዎችን ተከታትለው በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ማዛጋቱ ይበልጥ የሚጋባው በሚቀራረቡት መካከል ነው። እንግዲህ ከመድረክ ላይ ሆኜ ስታዛጉ አይቻችኋለሁ፤ ሰልችቷችሁ ሳይሆን ስለምትወዱኝ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ላከ። ያ ቡድን ስለ ውኃ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ወባ ይጠይቅ ነበር። እናንተ ዛሬ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ያላችሁ፣ የደም ግፊቱ አልወርድ ያለ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሲመጣላችሁ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ታንኮራፋለህ? አብሮህ የሚተኛው ሰው ትንፋሽህ ሲቆም አይቶ ያውቃል?» ከተቻለ ሁለተኛውን ራሷን ሚስቱን ጠይቋት። እኔ የራሴን ሚስት በጊዜ ብሰማ ኖሮ የወገራዋ ልጅ በዚያ ቀን እንዲያ አትደነግጥም ነበር።

ማሽን ያላችሁ ደግሞ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግፊቱን ራሳችሁ አትነካኩ። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ያንን ያረጀ ደብተር የያዛችሁ ተማሪዎቼ፣ «ማዛጋት» የሚለው ርዕስ ሥር የጻፋችሁትን ዛሬ ማታ ሰርዙልኝ። ፈተናው ላይ ያገኛችሁትን ነጥብ ግን አልወስድባችሁም።